የሻገተው ዝናር

ክረምቱ ሲወጣ ቁም ሣጥኑን ብከፍት የባለቤቴ ቀበቶ ሻግቶ ጠበቀኝ። ሽታው በንጉሡ ዘመን ወደነበረችው ጎባ መለሰኝ፤ አባቴ ለንግድ ደሎ መና ወርዶ፣ እዚያው ታሞ ሞቶ፣ እዚያው ወደተቀበረበት ዓመት።

አስከሬኑ ስላልመጣ ለቅሶው ላይ የሚወጣው ልብሱና ዝናሩ ነበር። እናቴ ዝናሩን ከሣጥን ስታወጣው ግን ጣሪያው አፍስሶበት አረንጓዴ ሻጋታ ለብሷል። እኔም ቶሎ እንዲደርቅ ብዬ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። ኮርቻ ሰፊው ጎረቤታችን ኦቦ ጀማል አይተው ሮጠው አነሡት።

"ተይ ልጄ፣ ፀሐይ ቆዳን ይሰነጥቀዋል። ጥላ ላይ ይንፈስበት።"

ሻጋታውን በደረቅ ጨርቅ ጠረጉ፤ በቅቤ እያሹ አለሰለሱት። ቆዳው ሲጠራ፣ ከድሮዎቹ ቀዳዳዎች አልፎ በምስማር የተበሱ ሦስት አዳዲስ ቀዳዳዎች ታዩ። ኦቦ ጀማል ጣታቸውን በየተራ አሳረፉባቸው።

"ከመሄዱ በፊትም እየከሳ ነበር እኮ" አሉ፣ እናቴን ቀና ብለው ሳያዩ። "አልነገራችሁም?"

እናቴ ዝናሩን ተቀብላ ወደ ለቀስተኛው ወጣች።

የባለቤቴን ቀበቶ ጥላ ላይ አናፍሼ፣ ጠርጌ፣ ቅቤ ቀባሁት። ከዚያ ቀዳዳዎቹን ቆጠርኩ።