ለአባቴ ጆሮ የሆንኩባቸው ዓመታት

የመምህርነት ዲፕሎማዬን ይዤ ከደሴ ስመለስ አባቴ፣ «እስከ መስከረም ብቻ አግዢኝ፤ ከዚያ ወዳሻሽ ሂጂ» አሉኝ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ቤታችን ውስጥ የቀረነው እሳቸውና እኔ ብቻ ነበርን። አንድ ክረምት ምን አላት ብዬ እሺ አልኩ። ዐሥራ አንድ ዓመት ቆየሁ።

የእንጨት መሰንጠቂያችን ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው መንገድ ዳር ነበር። አራቱም ጎኑ ክፍት የሆነ የቆርቆሮ ዳስ ነው፤ መሐሉ ላይ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ማሽን ቆሟል። አባቴ ሲከፍቱት አገሩ ሁሉ ቤት የሚሠራበት ጊዜ ነበር። የደሴ ዙሪያ ገበሬዎች የባሕር ዛፍ ግንድ በአይሱዙ ጭነው ያመጣሉ፤ የኮምቦልቻ አናጢዎች ጣውላው ገና እርጥብ ሳለ ይሻሙበታል። ስድስት ሠራተኞች ነበሩን። ከጁምዓ ሶላት በቀር ማሽኑ አይቆምም። ደንበኞቹ አባቴን «ሐጂ» ይሏቸው ነበር፤ እሳቸው ግን መካን አይተው አያውቁም።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ሳምንት የመጋዙ ድምፅ በድንገት ተለወጠ፤ ቀጥኖ ያፏጭ ጀመር። ሠራተኞቹ ሁሉ ወደ ኋላ ሸሹ። አባቴ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ግንዱን መግፋታቸውን ቀጠሉ። ሮጬ ክንዳቸውን ስጎትት መጋዙ ጯ ብሎ ተበጠሰ። ግንዱ ውስጥ የአጥር ሽቦ ተቀብሮ ኖሯል። አላህ ጠብቆን ማንም አልተጎዳም።

የዚያን ዕለት አባቴ ዕቃ ቤት ጠርተውኝ በሩን ዘጉ።

«አልሰማም» አሉኝ። «ዓመት አልፎኛል። የሰው አፍ እያየሁ ነው የምመልሰው።»

«ሐኪም ቤት እንሂዳ!»

«የማይሰማ ሰው ማሽን ላይ መቆሙን ካወቁ ሠራተኛም ደንበኛም አይቀርበኝም። አንቺ ፊት ለፊቴ ቁሚና ስሚልኝ። ለማንም እንዳትናገሪ። ወላሂ በይ።»

«ወላሂ» አልኩ።

ከዚያ በኋላ ቦታዬ ከማሽኑ ማዶ ሆነ። መጋዙ ደህና ሲዘምር ዝም እላለሁ፤ ድምፁ ሲሻክር መዳፌን አነሳለሁ፣ እሳቸው ያቆማሉ። ደንበኛ ሲመጣ ያለውን ሁሉ ከንፈሬን እያሳየሁ እደግምላቸዋለሁ። ሰው ልጅቷ የሰው ንግግር መድገም ትወዳለች ይል ጀመር። ለቅሶ ቤት ሄጄ ግማሽ ቀን እንኳ ስቆይ መጋዙ እጃቸውን የቆረጠው እየመሰለኝ እየሮጥኩ እመለስ ነበር።

መስከረም ሲጠባ ራቅ ያለችው ቢስቲማ ከተማ በአስተማሪነት ተመደብኩ። አልሄድኩም። አብሮኝ የተማረ አንድ ልጅ ሽማግሌ ሊልክ ፈልጎ ሁለት ዓመት ጠበቀኝ።

«እሺ፣ ምክንያቱን እንኳ ንገሪኝ» አለኝ በመጨረሻ።

መሐላ አለብኝና ዝም አልኩ። የናቅሁት መስሎት ሄደ፤ ሌላ አገባ። ሰርጉ ዕለት ጣውላ ስደረድር ዋልኩ።

ገበያው መቀዝቀዝ የጀመረው ቀስ በቀስ ነው። ኮምቦልቻ የብረት ቱቦና አሉሚኒየም በዛ፤ ቁምሳጥኑም ተገጣጥሞ ከፋብሪካ ይመጣ ጀመር። ገበሬው ዛፉ እስኪወፍር አይጠብቅም፤ በአጣናነቱ ቆርጦ ይሸጠዋል። ከጦርነቱ በኋላ ሰው የፈረሰ በሩንና መስኮቱን ሲጠግን ጥቂት ወራት ሞቅ አለልን፤ ከዚያ ጭር አለ። ሠራተኞቹ አንድ በአንድ ሄዱ። ግንድ የጫነ መኪና ሳይመጣ የዋለ ቀን በውስጤ ደስ ይለኛል፤ ወዲያው ደግሞ በአባቴ እንጀራ መቆረጥ መደሰቴ ያሳፍረኝና አስተግፊሩላህ እላለሁ።

አንድ ጠዋት ስደርስ የማላውቃቸው ሰዎች የማሽኑን ብሎን እየፈቱ አገኘኋቸው። አባቴ ግንድ ላይ ተቀምጠው ያያሉ።

«አባ፣ ምንድን ነው ይሄ?»

«ሸጥኩት። ከአምስት ዓመት በፊት ነበር መሸጥ የነበረብኝ። እኔ እስከ መስከረም ነበር ያልኩሽ፤ አንቺ ግን ሥራውን ወደድሽው። ትዳሩንም ማስተማሩንም ለሱ ብለሽ ስትተዪ እያየሁ፣ እንዴት አድርጌ ልዝጋብሽ?»

መጀመሪያ የሰማሁት ነገር አልገባኝም ነበር። ሲገባኝ ግንዱ ላይ አጠገባቸው ቁጭ አልኩ።

«እኔ እኮ የቆየሁት ለእርስዎ ብዬ ነው» አልኩ።

ፊቴን ስላዞርኩባቸው ከንፈሬን አላዩም። «ምን አልሽ? ድገሚው» አሉኝ። ዞሬ እያየኋቸው ደገምኩት። በሕይወቴ እንደዚያ የከበደኝ ቃል የለም። እሳቸውም አፌን እያዩ፣ «ታዲያ ምነው ዝም አልሽኝ?» አሉ።

«እርስዎስ?»

ሰዎቹ ማሽኑን ጭነው ሲሄዱ ሁለታችንም አልተነሳንም። ተቆጥቼ ነበር፤ በማን እንደተቆጣሁ ግን ለራሴም መናገር አልቻልኩም።

አሁን ቅርብ ባለ ትምህርት ቤት በኮንትራት አንደኛ ክፍል አስተምራለሁ። የመውጫ ደወል ሲደወል እየሮጥኩ ቤት እገባለሁ፤ አባቴ የበር ኳኳታ አይሰሙምና። ደሴ ለምርመራ ወስጃቸው የመስሚያ መሣሪያ ታዞ ተገዝቶላቸው ነበር፤ «ጫጫታ ሰልችቶኛል» ብለው ሣጥን ውስጥ አስቀመጡት።

ባለፈው ሳምንት ደሴ ውስጥ ለአንድ ሰው የምትበቃ የኪራይ ክፍል አይቼ መጣሁ። መስኮቷ ወደ ጦሳ ተራራ ያያል። ለአባቴ ግን እስካሁን አልነገርኳቸውም።