የሰይድ ብርቱካን

ባለፈው ሳምንት ወልድያ መናኸሪያው አጠገብ በጋሪ ብርቱካን የሚሸጥ ጎረምሳ «የመርሳ ነው እናቴ፣ ማር ነው» ብሎ ጠራኝ። ሳቄ መጣ። መርሳ ተወልዳ ላደገች ሰው እንዲህ ማለት ለቀባሪው ማርዳት ነው። የብርቱካን ዛፍ ከመርሳ ጓሮዎች እየጠፋ ከሄደ ስንት ጊዜው! ቢሆንም አላሳፈርኩትም፤ ሁለት ኪሎ አስመዘንኩ። ቤቴ ገብቼ አንዱን ስልጥ ሽታው ጣቶቼ ላይ ቀረ፣ ወዲያው ወንድሜ ትዝ አለኝ። ሁሌም እንዲህ ነው። ብርቱካን ሲሸተኝ መጀመሪያ የሚመጣው ሰይድ ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣው ደግሞ ያጠፋሁት ጥፋት ነው።

ጓሯችን ከመርሳ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ከአስፋልቱ በታች ወደ ወንዙ በሚያዘቀዝቀው መሬት ላይ ነበር። ሙዝ፣ ፓፓያ፣ ዘይቱን፣ አንድ ትልቅ ማንጎና ዘጠኝ የብርቱካን ዛፎች ነበሩን። ያኔ እኛ ልጆች ወቅትን የምናውቀው በአፍንጫችን ነበር። የካቲት ላይ የበልጉ ዝናብ ጠብ ጠብ ሲል ብርቱካኑ ያብባል፣ ሰፈሩ ሁሉ ሙሽራ የገባችበት ቤት ይመስል ይሸታል። ግንቦት ሲገባ ወበቁ ይመጣል፤ ልብስ ጀርባ ላይ ይለጠፋል፣ ዶሮዎቹ አፋቸውን ከፍተው ከሙዙ ሥር ይጋደማሉ፣ አዋቂዎቹም ዙህር ሰግደው ጥላ ይፈልጋሉ። ሐምሌ ላይ ደግሞ ዝናቡ ሲያባራ ከመሬቱ እንፋሎት ይነሳል፣ የወደቀው ዘይቱን ሽታም ከጭቃው ሽታ ጋር ይደባለቃል። ያን ሽታ ዛሬ ከየት ላምጣው?

ጓሮው ውሃ የሚጠጣው በተራ ነበር። ከወንዙ የተጠለፈው ቦይ ወደ እያንዳንዱ ጓሮ የሚዞረው በስምንት ቀን አንዴ ሲሆን፣ ተራውን የሚያስጠብቁት የውሃ አባት የምንላቸው ሽማግሌ፣ አባ ይመር ነበሩ። ዱላቸውን መሬት ላይ ተክለው «ጥላው እዚህ ሲደርስ የናንተ አበቃ» ካሉ አበቃ ነው፤ ይግባኝ የለውም። ተራችን ሲደርስ አባቴ ሽርጡን ሰብስቦ፣ ዶማውን ይዞ ውሃውን ከዛፍ ወደ ዛፍ ይመራል። ከየብርቱካኑ ግንድ ሥር አፈር ከምሮ ከፍ ያደርግና ውሃውን ራቅ አድርጎ እንደ ቀለበት ያዞረዋል። ለምን እንደዚያ እንደሚያደርግ ጠይቄው አላውቅም። ማጠጣት የእሱና የሰይድ ሥራ ነበር፤ የእኔ ወፍ ማባረርና የወደቀ ፍሬ መልቀም ነበር።

ሰይድ በስምንት ዓመት ይበልጠኛል። ሰይዶ እያልኩ ነበር የምጠራው። አሥረኛዋን ብርቱካን፣ ከቤታችን ደጃፍ የምትታየውን፣ የተከላት እሱ ነው። እኔ ያኔ አምስት ዓመቴ ነበር፣ ችግኟም ጉልበቴን አትደርስም ነበር። በየዓመቱ ከእሷ ጎን ያቆመኝና ቁመታችንን ይለካል። በሦስተኛው ዓመት አለፈችኝ። «ዘሀራ፣ አንቺን ማታ ማታ ፍየል ይግጥሻል እንዴ?» ብሎ ሲስቅብኝ አኩርፌ አንድ ቀን ሙሉ አላናገርኩትም።

አሥር ዓመት ሲሞላኝ ሰይዶ ዓረብ አገር ሊሄድ ተነሳ። በዚያ ዘመን ከሰፈራችን ጎረምሳ ያልሄደ አልነበረም። እናቴ ቀን ሙሉ ለፍልፋ ሲነጋ ስንቁን ቋጠረችለት። ሊሄድ ሲል ወደ ብርቱካኗ ወሰደኝና እጄን ግንዷ ላይ አስቀመጠው።

«ይቺ ያንቺ አደራ ናት። ውሃ እንዳይጠማት» አለኝ።

«መቼ ትመጣለህ?»

«አብሽሪ። ፍሬ ሳትጀምር እመጣለሁ፣ ኢንሻአላህ። የመጀመሪያዋን አብረን እንልጣታለን።»

አደራ በእኛ ዘንድ ቀልድ አይደለም። አደራ የበላ ሰው ከሌባ ይብሳል ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ስለዚህ ከዚያ ቀን ጀምሮ ያቺ ዛፍ የእኔ ነፍስ ሆነች።

በዓመቱ በልጉ ቀረ። የካቲት አለፈ፣ መጋቢትም አለፈ፣ ሰማዩ እንደታጠበ ሰሃን ባዶ ሆኖ ዋለ። ትልልቆቹ ሜዳ ወጥተው ዱዓ አደረጉ። ቦዩ ቀጠነ፤ አባ ይመርም በስምንት ቀን የነበረውን ተራ በአሥራ አምስት ቀን አደረጉት። ከእሳቸው ጋር ብዙ ሰው ተጣላ፣ አባቴ ግን ተራውን ተቀበለ። እኔ የማስበው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ብርቱካኗ ይጠማታል።

እናም አባቴ ከዙህር በኋላ ጋደም ሲል ትንሿን ጀሪካን ይዤ ወደ ወንዙ መውረድ ጀመርኩ። አሸዋውን ጭሬ፣ የሚጠራቀመውን በጣሳ ቀድቼ፣ በዚያ ወበቅ እየተንገዳገድኩ ዳገቱን እወጣለሁ። አባቴ ከግንዷ ሥር የከመረው አፈር ውሃዬን እያንከባለለ ወሰደብኝ። ስለዚህ ናድኩት። ግንዷን የሚያቅፍ ጉድጓድ ቆፍሬ ውሃውን እዚያ አቆምኩላት። ፀሐይ እንዳያቃጥላት ብዬም ግንዷን ጭቃ መረግሁት፣ በላዩ እርጥብ ሣር አለበስኳት። ከሩቅ ላያት ሰው የሣር ክምር ትመስላለች። በየቀኑ ነበር የማጠጣት፣ አንድም ቀን አላጎደልኩም። ኩራቴ አይጣል ነበር።

ሰኔ ላይ ቅጠሏ ቢጫ ሆነ። ጠምቷት ነው ብዬ ሁለት ጀሪካን አደረግሁት። ሐምሌ ሲገባ ዝናቡም መጣ፣ እሷ ግን ቅጠሏን ታራግፍ ጀመር። አንድ ቀን ሣሩን ገለጥ ሳደርግ ከቅርፊቷ ቡናማ ሙጫ ሲንጠባጠብ አየሁ። ያለቀሰች መሰለኝ፤ እኔም አብሬያት አለቀስኩ።

አባቴ የደረሰብን እንዲህ ሆነን ነው። ተንበርክኮ ጭቃውን በእጁ ጠረገ። ቅርፊቷን በጥፍሩ ላጥ ሲያደርገው ላሽቆ ተቀረፈ፣ የበሰበሰ ነገር ሸተተኝ። ጣቱን ወደ አፍንጫው አስጠጋ፣ ጀሪካኗን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ። ረጅም ጊዜ ነበር ያየኝ። በዚህ መሃል አባ ይመር በቦዩ ዳር ሲያልፉ ቆሙ።

«ምን አገኛት ይቺን?» አሉ።

«ሙቀቱ ነው አባ ይመር» አለ አባቴ። «የዘንድሮን ፀሐይ እርስዎም አይተውታል።»

አባ ይመር ግንዷን አዩ፣ ጭቃውን አዩ። ስልሳ ዓመት ሙሉ ውሃ ሲመሩ የኖሩ ሰው ምኑን ያጡታል? «አዎ፣ ሙቀቱ ነው፤ መች ይምራል» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ። እኔም አመንኩ። ፀሐይን ጠላኋት።

ሰይዶ ድምፁን በካሴት ቀድቶ ከሚመለስ ሰው ጋር ይልክልን ነበር። ከጎረቤት ቴፕ ተውሰን፣ ተሰብስበን እንሰማዋለን። የሁላችንንም ጤና በየስማችን ከጠየቀ በኋላ «ዘሀራ፣ ብርቱካኔስ?» ይላል። መልስ ስንቀዳ አባቴ ጉሮሮውን ጠርጎ «ደህና ናት ልጄ፣ አብባለች፣ አልሀምዱሊላህ» አለ፤ ከሌላ ብርቱካን አበባ ለቅሞም በወረቀት ጠቅልሎ ከካሴቱ ጋር ላከለት። ተራው የእኔ ሲሆን ወደ ቴፑ ተጠጋሁ። እናቴ በክርኗ ጎሸም ስታደርገኝ «ውሃ አጠጣታለሁ» አልኩ። ሌላ ያልኩት የለም።

ሦስት ካሴት መጣልን። አራተኛው አልመጣም። ከዓረብ አገር ከተመለሱት ሰዎች አንዱ ወደ ሌላ ከተማ ሄዷል አለን፣ ሌላው አላየሁትም አለን። መሞቱን የነገረን የለምና ለቅሶ አልተቀመጥንም፤ መኖሩን የነገረንም የለምና ደስ ብሎን አያውቅም። እናቴ እስክትሞት ድረስ መኪና አስፋልቱ ዳር በቆመ ቁጥር አንገቷን ታሰግግ ነበር።

ካገባሁ በኋላ ወልድያ ገባሁና ግቢዬ ውስጥ አንድ የብርቱካን ችግኝ ተከልኩ። አባቴ ሊጠይቀኝ መጣ። አርጅቶ ነበር፣ ግን ገና ሻይ ሳይቀርብለት ችግኟ ዘንድ ሄዶ ቁጢጥ አለ፣ በእጁም አፈር እየሰበሰበ ከግንዷ ሥር ይከምር ጀመር።

«ብርቱካን በእግሯ ነው የምትጠጣው» አለኝ። «ግንዷ ላይ ውሃ ከቆመ ትበሰብሳለች። አደራ፣ እንዳታስነኪያት።»

ጀሪካኗ፣ ጉድጓዱ፣ ጭቃው፣ ሣሩ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ መጣብኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ ፀሐይን ስረግም ኖሬያለሁ።

«አባ» አልኩ፣ «ያኔ የሰይዶን ብርቱካን...»

ቀና አላለም። «ሙቀቱ ነው ብዬሽ የለ» አለና አፈሩን መደልደሉን ቀጠለ።

አባቴ ከሞተ አራት ዓመት ሆነው። መርሳ ስሄድ ጓሮው አለ፣ ሽታው ግን የለም። ከዘጠኙ ብርቱካን አንድም አልተረፈም፣ ገሚሱን በሽታ፣ ገሚሱን ጥም ጨረሰው። በልግ አንዳንዱን ዓመት ይመጣል፣ አንዳንዱን ዓመት ይረሳናል። ቦዩ ላይ ዱላ ተክሎ ጥላ የሚለካ የለም፤ የሚለካውስ ውሃ የት አለና! ካሴቶቹ ሳጥኔ ውስጥ አሉ፣ የማጫውትበት ቴፕ ግን የለኝም።

ዘንድሮ ግንቦት የወልድያዋ ብርቱካኔም ደረቀች። አፈሩን ከምሬላት ነበር፣ ግንዷን ጠብታ አላስነካኋትም፣ አባቴ እንዳለው ነበር የያዝኳት። ሙቀቱን ግን አልቻለችውም። የሰባት ዓመቷ ልጄ ሐያት ዛፏ ሥር ቆማ ስታለቃቅስ አገኘኋት። አንድ ቀን በድብቅ የልብስ እጣቢ ደፍታባት ኖሯል።

«እማ፣ እኔ ነኝ ያደረቅኳት?» አለችኝ።

«አይደለሽም ልጄ፣ ሙቀቱ ነው» አልኳት።

አባቴ ለእኔ ሲል የዋሸው ቃል ዛሬ እውነት ሆኗል። ሐያት አምናኝ እንባዋን ጠርጋ ወደ ጨዋታዋ ሮጠች። እኔ ግን እዚያው ቁጭ አልኩና እጄን ደረቁ ግንድ ላይ አስቀመጥኩ። ለማንም ያልተናዘዝኩትን የምናዘዝለት ሰው የት እንዳለ እንኳ አላውቅም።

«ውሃ አልጠማትም፣ ሰይዶ» አልኩ።