ለኃላፊው የተጠበቀች መርከብ

የኮምፒውተር ጨዋታ ሰውን ከእውነተኛው ዓለም ያርቃል ይላሉ። አያርቅም። እኔ ለመራቅ ብዬ አንድ ዓመት ሙሉ ታግዬ አልተሳካልኝም። ጠፈር ድረስ ሄጄ ያገኘሁት ሰቆጣ ያለውን ቢሮዬን ነው፤ ያውም ከነመዝገቡ።

ነገሩ የሆነው በዘጠናዎቹ መጨረሻ ነው። ከጎጃም ተመድቤ፣ በአንድ የዞን መሥሪያ ቤት የተሽከርካሪ ስምሪት ሠራተኛ ነበርኩ። ስምሪት ማለት ማን፣ በየትኛው መኪና፣ ወዴትና ለምን እንደሚሄድ ወረቀት ላይ ጽፎ ቁልፍ መስጠት ነው። በተግባር ሲታይ ግን ቁልፍ መከልከል ነው። ሦስት መኪኖች ነበሩን። አንደኛዋ ፒካፕ ካምቢዮዋ ወርዶ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ሁለተኛዋ ፒካፕ የሁሉንም ሥራ ብቻዋን ትሠራለች። ሦስተኛዋ ነጭ ላንድክሩዘር ፍጹም ጤነኛ ናት፤ ስለዚህ አትንቀሳቀስም። ለኃላፊውና ለእንግዳ የተጠበቀች ናት። ኃላፊው ከዞኑ ሰዎች ጋር በሌላ መኪና ባሕር ዳር ለስብሰባ ሲሄዱ እንኳ፣ እሷ ታጥባ ግቢ ውስጥ ትጠብቃቸዋለች።

ጨዋታውን ለሥልጠና አዲስ አበባ በሄድኩበት ጊዜ መርካቶ ውስጥ በሲዲ ገዛሁት። የጠፈር መርከብ ከቁርጥራጭ ትሠራለህ፤ ሞተሩን፣ የነዳጅ ታንከሩን፣ ጋሻውን እያጋጠምክ። ከዚያ ብዙዎቹን አንድ ላይ አሰልፈህ ማዕድን ወዳለበት ትልካቸዋለህ፤ በመንገድ ላይ ደግሞ ወንበዴ ይጠብቃቸዋል። ሰው ሁሉ ለምሳ ወደ ቤቱ ሲሄድ እኔ ከቢሮው ኮምፒውተር ጋር እቀር ነበር።

አንድ ቀን የጨዋታውን ማህደር ስፈታትሽ የእያንዳንዱ መርከብ ክብደት፣ ፍጥነትና የነዳጅ ፍጆታ በተራ ጽሑፍ ተዘርዝሮ አገኘሁት። እንደ ደብዳቤ ከፍተህ ትለውጠዋለህ። ይህን ሥራ ሞድ ማድረግ እንደሚሉት ያወቅሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። መጀመሪያ ያደረግሁት የነዳጅ ፍጆታውን ዜሮ ማድረግ ነበር። ሁለት ቀን ተደሰትኩ፤ በሦስተኛው ሰለቸኝ። ነዳጅ የማያልቅበት ስምሪት ምኑን ስምሪት ሆነ?

ቀጥሎ ያናደደኝ ነገር መጣ። በጨዋታው የተመታ መርከብ ድራሹ ይጠፋል። ይህ የማይሆን ነው! በእኛ ግቢ የሞተ መኪና አይጠፋም፤ የመለዋወጫ መጋዘን ይሆናል። ከሟቿ ፒካፕ ዲናሞ፣ መስታወት፣ የበር እጀታ ሳይቀር ነቅለን ነው በሕይወት ያለችውን ያቆየናት። ስለዚህ ሦስት ሳምንት ሙሉ ምሳዬን ትቼ፣ ከተመታው መርከብ ሞተር ተነቅሎ በሌላው እንዲገጠም አደረግሁ። አንድ ነጠላ ሰረዝ ስረሳ ጨዋታው አልከፈትም እያለ ያሾፍብኝ ነበር። በመጨረሻ ሲሳካ፣ የተቦጫጨቁ መርከቦች ማረፊያዬ ላይ ተገተሩ። ልክ እንደ ፒካፗ። ኮራሁ።

ይህን ሁሉ ከጀርባዬ ቆሞ የሚያይ ሰው ነበር፤ የመሥሪያ ቤቱ አንጋፋ ሹፌር። የደሃና ወረዳ ሰው ነው፤ መርከቦቼን በአፍ መፍቻው በኽምጣኛ እያንሾካሾከ ይቆጥራቸዋል።

«ይቺ ትልቋ ምን ሆና ነው የቆመችው?» አለኝ አንድ ቀን።

«ምንም አልሆነችም ጋሼ። መጠባበቂያ ናት።»

«ለማን?»

ማውሱን ወደ ሌላ መርከብ ወሰድኩ።

«እዚያ ላይም ኃላፊ አለ እንዴ?»

«የለም። ኃላፊው እኔ ነኝ።»

«ታዲያ አንተ የት ልትሄድባት ነው?»

ትናንሾቹ መርከቦቼ በወንበዴ አንድ በአንድ ሲለቀሙ፣ ትልቋ ማረፊያው ላይ ታበራለች። ስንት ጊዜ እንደተሸነፍኩ አላስታውስም፤ እሷን የማዝዝበት አሳብ ግን አንድም ቀን አልመጣልኝም። እጄ የለመደው ያንን ነው። የማንም አገር ተጫዋች ይህን ስህተት የሚሠራ አይመስለኝም።

ሹፌሩ የሚቆመው ለጨዋታው ፍቅር አልነበረም። ጉዳይ ነበረው። ደሃና ገጠር ያገባች ልጅ አለችው። የመጀመሪያ ልጇን በወጉ መሠረት እናቷ ቤት መጥታ ስታምጥ ሁለት ቀን ቆየች፤ ሕፃኑ ሞቶ ተወለደ። አሁን ሁለተኛውን አርግዛለች። ሁለተኛው ደግሞ በባሏ ቤት ነው፤ አማቶቿ ሆስፒታል የሚባል ነገር ቀኑ ሲደርስ እናያለን ብለዋል።

«ግንቦት መጨረሻ ነው» አለኝ። «ያን ጊዜ ነጯን ትሰጠኛለህ።»

«ኃላፊው ከፈቀዱ ምን ችግር አለ ጋሼ።»

«ባይኖሩስ?»

«እንግዲህ…»

«'እንግዲህ' በምትባለው መኪና ነው ልጄን የምጭናት?»

ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

ግንቦት መጨረሻ፣ በምሳ ሰዓት፣ እኔ እንደልማዴ ኮምፒውተሩ ላይ ሳለሁ ገባ። ከደሃና ጤና ጣቢያ ተደውሎለታል። ልጁ ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ምጥ ላይ ናት፤ ጎረቤቶች በቃሬዛ ተሸክመው ጤና ጣቢያ አድርሰዋታል፤ ነርሷ ከአቅሜ በላይ ነው ብላለች።

«ደረሰ» አለኝ፤ ሌላ አልጨመረም።

የምትሠራዋ ፒካፕ ጠዋት ኒሯቅ ሄዳለች። ኃላፊው ባሕር ዳር ናቸው። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከወልዲያ በኩል እንግዶች ይመጣሉ ተብሎ ነጯ ታጥባለች።

«ኃላፊውን ልጠይቃቸው» አልኩት።

«ደውል።»

ሦስት ጊዜ ደወልኩ፤ አያነሱም። ሹፌሩ አልለመነኝም፤ አልጮኸብኝም። ዐይኑ ከስልኩ ወደ ኮምፒውተሩ ሄደ። ትልቋ መርከብ እንደተገተረች ናት። ኅሊናዬ ገፋፍቶኝ ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር። እውነቱ ግን አፈርኩ። በሰማይም በምድርም አንድ ዓይነት ሰው ሆኜ ተያዝኩ።

ደብተሩን ሳብኩ።

«ወረቀቱ ይቆይህ!» አለኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ እየጮኸ። «ልጄ ልትሞትብኝ ነው!»

«ኬላ ላይ ያስቆሙዎታል ጋሼ። አንድ ደቂቃ።»

የስምሪት ወረቀቱ ላይ «የጉዞው ምክንያት» የሚል ቦታ አለ። እዚያ ላይ ሁላችንም የምንጽፈው «ለሥራ ጉዳይ» ብለን ነው፤ ለሠርግም ለለቅሶም። እኔ ግን «ምጥ የያዛትን ሴት ለማምጣት» ብዬ ጻፍኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ምናልባት ለመዋሸት ጊዜ ስላልነበረኝ ይሆናል። ፈርሜ ቁልፉን ሰጠሁት። ነጯ ከግቢ ስትወጣ ዘበኛው ኃላፊው መስለውት ተነሥቶ ቆመ።

ጨዋታውን ዘጋሁት። እንግዶቹ በዘጠኝ ሰዓት ደረሱ። መኪናዋ እንደሌለች ስነግራቸው «እሺ» ብለው በእግራቸው ወደ ሆቴል ሄዱ፤ ከአሥር ደቂቃ አይበልጥም። አንደኛው ጥሩ ሥጋ ቤት ጠየቀኝ፤ አሳየሁት። ስንት ወር የጠበቅናቸው እንግዶች ጉዳይ በዚህ አለቀ። እኔ ግን ስለዚያች ልጅ ምንም ሳልሰማ ቀኑ መሸ።

በማግስቱ ጠዋት ነጯ ታጥባ ገባች። ሹፌሩ ወረደ፤ እንደ ሥራው ደንብ መጀመሪያ ኪሎ ሜትሩን አስመዘገበኝ፤ ነዳጁን ነገረኝ፤ የኋላ ቀኝ ጎማ መፈተሽ አለበት አለ። ሁሉንም ጻፍኩ።

«ጋሼ፣ በእግዚአብሔር!»

«ሴት ናት» አለኝ። «በኦፕራሲዮን ነው።»

«እናትየዋስ?»

«አጥሚት ጠጥታ፣ አማቷን ስትቆጣ ትቻት መጣሁ።»

የመኪናዋ መከላከያ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም እንደዚያ አየር ስቤ አላውቅም። ሹፌሩም አጠገቤ ተቀመጠ።

ኃላፊው ሰኞ ተመለሱ። ወረቀቱን አንብበው ጠሩኝ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«እውነቱ ነው።»

«'ለሥራ ጉዳይ' ብትል ምን ነበረበት? ይሄ እኮ ፋይል ውስጥ ይቀመጣል!»

መኪናዋ መሄዷ አላስቆጣቸውም፤ ያስቆጣቸው ለምን እንደሄደች መጻፉ ነው። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። በሕይወቴ ብዙ ደብዳቤ ተቀብያለሁ፤ እንደዚያ ቀልሎኝ ያነበብኩት የለም።

ጨዋታ ያስተምራል የሚሉ ደግሞ አሉ። እነሱም ተሳስተዋል። በዚያው ሳምንት ትልቋን ጨምሬ መርከቦቼን በሙሉ አንድ ላይ ላክኋቸው። በአንድ የምሳ ሰዓት ሁሉም አለቁ። ጨዋታው የእኔን መጸጸት ከቁም ነገር አልቆጠረውም። እኔም ሲዲውን ለአንድ መምህር ሰጥቼ ተገላገልኩ።

አንተ ግን፣ ይህን የምታነበው፣ በኃላፊነትህ ሥር ለማይመጣ ሰው ተብሎ የተቆለፈ ነገር ካለ፣ መኪናም ይሁን የሆስፒታል አልጋ ወይም ባዶ ክፍል፣ ዛሬ ልቀቀው። ምክንያቱንም በትክክል ጻፍ።