ድንኳን የሚተከልበት ቦታ

ቤት ልናይ ስንሄድ ባለቤቴ መጀመሪያ የሚያየው የመብራት ቆጣሪውን ነው፤ የብቻ ነው ወይስ የጋራ? እኔ ቧንቧውን እከፍታለሁ። እናቴ ግን ወደ ቤቱ አትገባም። ምርኩዟን ተደግፋ ግቢውን ዙሪያውን ትቃኝና "ጠባብ ነው" ትላለች።

ጠባብ መሆኑንማ ማን አጣው? እኛ የምንፈልገውም ጠባቡን ነበር። አዲስ አበባ የኖርንበትን ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ኪራይ አከራያችን አሁንም ሲጨምሩብን፣ ባለቤቴ "ከዚህ ወዲያ የምንሠራው ለቤቱ ነው እንጂ ለእኛ አይደለም" አለ። እውነቱን ነው። ከከተማው ወጣ ብለን አንድ ክፍልና ኩሽና ብናገኝ ይበቃናል ተባባልን። ሶፋው ተሸጠ፣ ቡፌው ለእህቱ ተሰጠ። ልጃችን ከአያቷ ጋር እንደምትተኛ ሲነገራት ደስ ያላት እሷ ብቻ ነበረች።

ሰበታ ያየነው ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ንጹሕ ነው፣ ከአቅማችንም አይወጣም። እናቴ ደረጃውን ቀና ብላ አየችና "መውጣቱስ ይሁን፤ መውረዱ ነው" አለች። ልቧ ደካማ ስለሆነ ስለ ድካሟ የምታወራ መስሎኝ፣ ቀስ እያልሽ ትወርጃለሽ አልኳት። ሱሉልታ ያየነው ደግሞ ግድግዳው ከውርጩ የተነሳ እጅ ያቀዘቅዛል፤ ግቢውም የአንድ መኪና ማቆሚያ እንኳ አይሆንም። ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ እናቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

"እኔ የምልሽ፣ ድንኳኑን የት ልትተክሉት ነው?"

የሰበታው ደረጃ ያኔ ገባኝ። የምታስበው ሬሳዋ እንዴት እንደሚወርድ ነበር። "እማዬ፣ አታሟርቺ" አልኳትና ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

አሟረተችም አላሟረተችም ነገሩ ከዚያ በኋላ አልለቀቀኝም። የኮንዶሚኒየሙ ዕድር አከራይ ተከራይ ሳይል ሁሉንም የያዘ ነው። ሰው ሲሞት በብሎኮቹ መካከል ድንኳን ይተከላል፣ ወንበሩና ድስቱ ይወጣል፣ ሦስት ቀን ሙሉ ሐዘንተኛ ብቻውን አይቀመጥም። እናቴ የስንቱን ለቅሶ ደርሳለች፤ ተራዋን ነው የምትጠብቀው። ደንቡ ግን ሰፈር የለቀቀ ገንዘቡ ይሰጠዋል እንጂ ድንኳኑ አይከተለውም ይላል። የምንገባበት ሰፈር ዕድር ደግሞ ለአዲስ ተመዝጋቢ የሚደርሰው ወራት ቆጥሮ ነው። አይፈረድባቸውም፤ አለዚያ ሰው ሁሉ ሊሞት ሲል እየተመዘገበ ዕድሩን ባራቆተው ነበር።

እንግዲህ እናቴ በሁለት ዕድሮች መካከል ልትቀር ነው። እናት ትሞትብኛለች ብሎ መፍራት ያለ ነው። እኔ የፈራሁት ግን በእነዚያ ወራት እንዳትሞት ነበር። ለቀስተኛው መንገድ ላይ ቆሞ፣ በሰው ግቢ ውስጥ፣ ማንም በማያውቀን ሰፈር። ሳል በያዛት ቁጥር እጄ ላይ ያለው ነገር ይወድቃል። ለባለቤቴ ጫፉን ብነግረው "እናትሽ እኛን ሳይቀብሩ አይሞቱም" ብሎ ሳቀ።

ቡራዩ የወሰደን ደላላ ትዕግሥቱ አልቆ ነበር። "ማዘር፣ ይሄን ካለፉ እንግዲህ ሌላ የለም" አላት ገና በሩ ላይ። ግቢው የአንድ ሽማግሌ ነው። ትልቁ ቤት ውስጥ ብቻቸውን ይኖራሉ፤ የሚያከራዩት ከጀርባ ያለውን ሰርቪስ ነው። "አካም ጅርቱ" ብለው በኦሮምኛ ሰላም አሉን፤ እናቴ "ፈያ" አለችና ሳትቀመጥ ቀጠለች።

"ኦቦ፣ እኔ ልቤን ያመኛል። እዚህ ብሞት ድንኳን ያስተክሉኛል ወይስ የሰው ለቅሶ ግቢዬ አይገባም ይላሉ?"

ደላላው መሬት መሬት አየ። ባለቤቴ ጉሮሮውን ጠረገ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ፤ ለተከራይነት የመጣ ሰው እንዲህ ብሎ ይጀምራል?

ሽማግሌው ምንም አልመሰላቸውም። በሰርቪሱና በአጥሩ መካከል ወዳለው ባዶ ቦታ ቀድመው ሄዱ። "እዚህ ነው" አሉ። "የባለቤቴም እዚሁ ነበር። ያን ጊዜ ሰው ስለበዛ በሩን ከፍተን እስከ መንገዱ ዘረጋነው።"

"ነፍስ ይማር" አለች እናቴ። ከዚያ መሬቱን በምርኩዟ ነካ ነካ አደረገችው። "ክረምት ውሃ ያቁራል?"

"ኧረ አያቁርም፤ ተዳፋት ነው።"

"እንግዲያው ቤቱን እንየው" አለችና ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ውስጥ ገባች።

ገባን። አልጋው ከገባ በኋላ የቀረው ቦታ ለፍራሽና ለአንድ ጠረጴዛ ነው፤ ሌሊት ለመነሳት የሰው እግር መዝለል ያስፈልጋል። እናቴ እንቅልፏ ተመለሰ። ባለቤቴ በሳምንቱ ዕድሩ ጋ ሄዶ አስመዘገበን። እኔ ግን ባሰብኝ። ያለን አንድ መስኮት ነው፣ እሱም የሚያሳየው ያንን ቦታ ነው። ሻይ ስጥድ አየዋለሁ፤ የልጄን ፀጉር ስሠራ አየዋለሁ። ባዶነቱ የሚጠብቀው ነገር ያለ ይመስለኛል።

አንድ ቅዳሜ ሽማግሌውን አስፈቅጄ ከሰርቪሱ ጥግ እስከ አጥሩ ገመድ ወጠርኩ። ያለንን ሁሉ አጥቤ ሰቀልኩበት፤ ብርድ ልብሱን፣ አንሶላውን፣ መጋረጃውን። መሬቱ እስኪሸፈን ድረስ ሰቀልኩ። እናቴ ወጥታ አንዱን አንሶላ በጣቶቿ ዳሰሰችው።

"ይሄ ትናንት ታጥቦ የለም?"

ገመዱን ከዳር እስከ ዳር አየች፤ ከዚያ እኔን አየች።

"ፈርተሽ ነው?"

"አዎ፣ እማዬ።"

"እኔም እኮ እፈራለሁ" አለች። "ባልፈራ ሽማግሌውን ምን አስጠየቀኝ?"

አንሶላውን ከገመዱ ላነሳ እጄን ስዘረጋ ያዘችኝ።

"ተይው፣ ይድረቅ" አለችና በርጩማዋን ስባ ከአንሶላው ሥር ጥላው ላይ ተቀመጠች።