ገበሬው፣ ግመሉና ፈረሱ

ባለፈው እሑድ ከቤተክርስቲያን ወጥተን መኪና ማቆሚያው ላይ ቆመን ሳለ፣ ከሂሊያርድ ሰፈር በኩል አንድ ትልቅ ደመና ብቅ አለ። ትንሿ ልጄ "ዳዲ፣ ሉክ! ሻርክ!" አለች። ባለቤቴ ሰላም "የምን ሻርክ፣ የምን ዓሣ? ዶሮ ናት እንጂ፤ ያውም የታቀፈች" አለች። እኔ ርቦኝ ስለነበር ድፎ ዳቦ ነው የታየኝ። አንገታችንን አቅንተን ስንከራከር ያቺ የካናል ዊንቸስተር ቅዳሜ ትዝ አለችኝና ብቻዬን ሳቅሁ።

ያኔ በዲቪ ከመጣሁ ብዙም አልቆየሁም። ዋይትሆል የሚባል ሰፈር ውስጥ ከጓደኞቼ ጋር አፓርትመንት ተጋርቼ መጋዘን እሠራ ነበር። ሰላምን እስክታመም ድረስ ወድጃታለሁ። አባቷ ጋሼ አበራ ግን ዘመዱ ለማይታወቅ ልጅ ፊት የማይሰጡ ሰው ነበሩ፤ ከእኔ በፊት የአንዱን ሽማግሌዎች በቆሙበት መልሰዋል። ሰላም ደግሞ ከአባቷ ቃል እንደማትወጣ አስቀድማ ነግራኛለች። እሳቸው እምቢ ካሉ በቃ፣ አበቃ።

ዘመድ የሌለው ሰው ሽማግሌ ከየት ያመጣል? ታክሲ የሚነዱትን ጋሼ መኮንንን ለመንኩ። መጋዘን አብረውኝ የሚሠሩትን ጋሼ ጀማልንም ያዝኩ፤ እውነቱን ለመናገር እሳቸውን ለሽምግልና ያበቃቸው ሽበታቸው ብቻ ነው። ሦስተኛው ሰው ኦቨርታይም ገብቶ ቀረ። ይባስ ብሎ የጋሼ መኮንን ታክሲ የዚያን ዕለት ጠዋት አልነሣም አለ። ምን ይደረግ፣ ሽማግሌዎቼን እኔው ራሴ ነድቼ ካናል ዊንቸስተር፣ ጋሼ አበራ ቤት ወሰድኳቸው! "ከመኪና እንዳትወርድ!" ብለው አስጠንቅቀውኝ ገቡ።

ቅጠል የሚረግፍበት ወቅት ነበር። ጎረቤት ውጭ የሚጠብሰው ሥጋ ሽታ በመስኮት እየገባ ያሠቃየኛል። ሽማግሌ እሺታ ሳያገኝ አይቀመጥም፤ ጋሼ አበራም፣ ኋላ እንደሰማሁት፣ መልሱን ለማዘግየት ይመስለኛል፣ "መቀመጡን እምቢ ካላችሁ ጓሮዬን ላሳያችሁ" ብለው ይዘዋቸው ወጡ። በቤቱ ጎን አሻግሬ አያቸዋለሁ። ቅርፊቱ እየተላጠ ነጭና ቡናማ የሆነ አንድ ግዙፍ ዛፍ ሥር ቆመው እጃቸውን ይቀስራሉ። ድምፃቸው ከፍ እያለ መጣ። የተጣሉ መስሎኝ ሳላስበው ከመኪናው ወርጄ አጠገባቸው ደረስኩ።

"ይሄ ደግሞ ማነው?" አሉ ጋሼ አበራ።

"ሾፌራችን ነው" አሉ ጋሼ ጀማል፣ ምንም ሳይደናገጡ።

"ጥሩ፣ እንግዲያው ሾፌሩ ይፍረደን። ቅርፊቱ ላይ የሚታየው ምንድነው? እኔ የሚያርስ ገበሬ ነው እላለሁ። እሳቸው ፈረሰኛ ይላሉ። እኚህ ደግሞ ግመል!"

አፈጠጥኩ። ከተላጠ ቅርፊት በቀር የሚታየኝ ነገር የለም። ገበሬ ነው ብል ሽማግሌዎቼን አዋረድኩ፤ አይደለም ብል የሰላምን አባት።

"ከዚህ አልታየኝም፤ እርስዎ ካሉበት ሆኜ ልየው?" ብዬ አጠገባቸው ሄጄ ቆምኩ። እውነትም ገበሬው ጎንበስ ብሎ እርፉን ይዟል። ጋሼ ጀማል ከቆሙበት ደግሞ ግመሉ ከነጭነቱ አለ። ጋሼ መኮንን ዘንድ ስደርስ ፈረሱን አገኘሁት፣ ሰውየውን ግን አጣሁት።

"ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ፈረሰኛው ወርዷል" አልኩ።

ጋሼ አበራ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ሳቃቸው በረድ ሲል "ስምህ ማነው?" አሉኝ።

"ዳዊት።"

የመጡበት ጉዳይ ባለቤት ስም ነው፤ ቅድም ቤት ውስጥ ተጠርቷል። ሽማግሌዎቼ መሬት መሬት አዩ። ጋሼ አበራ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

"እኔን ለማስደሰት ገበሬ ብቻ ትላለህ ብዬ ነበር" አሉ በመጨረሻ። ከዚያ ወደ ወጥ ቤቱ መስኮት ዞረው "ሰላም! ወንበር አምጪ፣ እንግዶቹ ይቀመጡ!" ብለው ተጣሩ። እልል ማለት አማረኝ፤ ግን ሾፌር ነኝ።

ባለፈው እሑድ ወደ ቤት ስንነዳ ይህንኑ ለመቶኛ ጊዜ አወራሁት። ልጄ ከኋላ ወንበር "ማሚ፣ አንቺስ ዋት ዲድ ዩ ሲ?" አለቻት። ለካ እኔ ጠይቄያት አላውቅም።

"እኔ ዛፉን መች አየሁት?" አለች ሰላም። "በመስኮት የአባዬን ፊት ነበር የማየው። አንተ ከመኪና ስትወርድ ፊቱ ጨለመ። ከአንዱ ወደ አንዱ ስትዞር ግን የከንፈሩ ጫፍ በፈገግታ ሲነቃነቅ አየሁ። ሲጠራኝ ወንበሮቹን ወልውዬ በር ላይ ደርሼ ነበር።"

ይህን ሁሉ ዓመት ዛፍ ዛፍ ስል ኖሬያለሁ። ጋሼ አበራ እሺ ከማለታቸው በፊት እሷ እሺታቸውን አይታዋለች፤ አይታም ለእኔ ወንበር ይዛ በር ላይ ቆማለች። መንገዱን ማየት ትቼ ወደ እሷ ዞርኩ፣ "ዳዲ፣ ዓይንህ! አይስ ኦን ዘ ሮድ!" ተባልኩ ከኋላ ወንበር።