«ሰላም ነው» ከተባለ በኋላ

አብራፊ ዶንኮር ረጅም ወሬ አትወድም። በጋናዋ ኩማሲ ከተማ ይህ ጠባይ ራሱን የቻለ ድፍረት ነው። እዚያ ሰው ከሰው ዘንድ ሲሄድ ይቀመጣል፣ ውሃ ይጠጣል፣ ከዚያ «አማኔ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ ምን እግር ጣለህ እንደ ማለት ነው። ቤቱ ተቃጥሎበት የመጣ ሰው እንኳ መልሱን «ሰላም ነው» ብሎ ይጀምራል፤ ዋናው ጉዳይ ቀስ ብሎ ይከተላል። አብራፊ ግን የግንባታ ፕሮጀክት ማናጀር ከሆነች ወዲህ ውሃውንም ወንበሩንም ከስብሰባዋ አስወጥታለች። ሁሉም ቆሞ፣ ባጭሩ ያወራል። እሷ ይህን ቅልጥፍና ትለዋለች፤ ሠራተኞቿ የሚሉትን ባትሰማው ይሻላታል።

የምታሠራው የወሊድ ክሊኒክ ሶሌታ፣ ማለትም የኮንክሪት ጣሪያው፣ በሚሞላበት ጠዋት የኮንክሪት ሚክሰሮቹ ግቢው በር ላይ ተሰልፈዋል። ሳይቱን ለያዘው ለኢንጂነር ቦዋቺ ከቢሮዋ ደወለች።

«እሺ፣ እንዴት ናችሁ?»

«እዚህ ሰላም ነው ማዳም። እንግዲህ ሌሊት የጣለው...»

«ጎሽ! በሉ ጀምሩ።»

ዘጋችው። ቦዋቺ መልሶ አልደወለም። ባለፈው ሳምንት አንድ ሥራ ይቆይ ብሎ ቢጠይቅ «ፈሪ!» ብላ በሰው ፊት አሸማቅቃዋለች።

ወዲያው አክስቷ ፍሬማ ከቤክዋይ መጡ። ለአክስት ቅልጥፍና የሚባል ነገር የለም፤ አብራፊ አስቀመጠቻቸው፣ ውሃ ሰጠቻቸው፣ «አማኔ?» ብላ ጠየቀች።

«እዚያ ሰላም ነው ልጄ። ለክፉ አልመጣሁም። ብቻ አጎትሽ ወድቆ እግሩን ተሰብሯል፤ ሆስፒታል ተኝቷል።»

«ውይ! ታዲያ ምኑ ነው ሰላም፣ አክስቴ?»

«በሩ ላይ ቆሜ እሪ ልበልልሽ? ማን ነው ያሳደገሽ አንቺ?»

አብራፊ ክው አለች። ቦዋቺም «ሰላም ነው» ብሏታል። ከዚያ በኋላ ያለውን አላስጨረሰችውም። ሌሊት የጣለው ምንድን ነው? ዝናብ! ደወለች፤ አያነሳም። ደገመች፤ አያነሳም። አክስቷን እዚያው ትታ መኪናዋ ውስጥ ገባች። ኬጄቲያ ገበያ አጠገብ መንገዱ ተዘጋግቶ ጥሩንባዋን እያንባረቀች ስትለምን፣ ስትሳደብ፣ እንደገና ስትለምን ቆየች። ፈርታ ነበር፤ ከልቧ።

ስትደርስ ኮንክሪቱ ከላይ እየተሞላ ነው።

«ቦዋቺ የት አለ?»

ፎርማኑ በጣቱ ወደ ታች አሳያት። ቦዋቺ ከሶሌታው ሥር ብቻውን ተንበርክኮ፣ ኮንክሪቱ የሚፈስበትን የጣውላ ካሳፎርማ ከተሸከሙት የእንጨት ምሰሶዎች ሥር ጣውላ ይወሽቃል።

«አቁሙ! ቦዋቺ፣ ውጣ! አሁን ውጣ!»

የኮንክሪቱ ፓምፕ ጸጥ አለ። ጸጥ ሲል የእንጨቱ መንቋቋት ለሁሉም ተሰማ። ቦዋቺ እየዳኸ ወጣ። ከጀርባው አንዱ ምሰሶ ቀጭ ብሎ ተሰበረና የሶሌታው ጥግ ወደ ታች ጎበጠ። አንዲት አሸዋ ተሸካሚ ጮኸች።

አብራፊ ወደ ቦዋቺ ተጠጋች። «ተናገር፤ አላቋርጥህም።»

«መሬቱ በዝናቡ ላልቷል ማዳም። ምሰሶዎቹ እየሰመጡ ነው።»

«ይህን እያወቅህ ለምን ገባህ?»

«እርስዎ ጀምሩ አሉን። አናጢዎቹን ደግሞ ግቡ ልላቸው አልቻልኩም፤ ልጆች አሏቸው።»

«አንተስ የለህም?»

«ሁለት አሉኝ» አለና ጉልበቱ ላይ የተለጠፈውን ጭቃ ይጠርግ ጀመር።