ለአስካለ ጆሮ፦ ከማይጨው መቀሌ ደርሶ መልስ

በዚህ ጉዞ ያለነው አራት ሰዎች ነን። አንደኛው እኔ ወልደሐና፣ ጣልያን ማይጨው ላይ ጥሎት የሄደውን ወፍጮ የማንቀሳቅስ ሞተረኛ ነኝ። ያስተማረኝ ሰው የለም፤ እየፈታሁና እየገጠምኩ ተማርኩ። ሁለተኛዋ ልጄ አስካለ ናት፤ ዕድሜዋ ዐሥራ ሁለት ነው። አምና ንዳድ ይዟት ኪኒን ከዋጠች ወዲህ ጆሮዋ ደክሟል። ሦስተኛው ሾፌሩ ገብረመድኅን፣ የእንደርታ ሰው። አራተኛው ሰይድ፣ ከወሎ መጥቶ መቀሌ ገበያ ላይ የጣልያን ውዳቂ ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ።

የጉዞው ምክንያት አንድ ነው። መምህሯ «ፊት ባስቀምጣትም አትሰማም። ትምህርት ሲከፈት እንዲሁ ከሆነች ቦታዋን ለሚሰማ ልጅ እሰጣለሁ» ብለውኛል። እኔም ሥዕሉን ከአንድ አሮጌ የራዲዮ መጽሐፍ አይቼ ድምፅ ማጉያ ልሠራላት ተነሣሁ። ከተሰበረ የጦር ስልክ መናገሪያውንና የጆሮ ማዳመጫውን አግኝቻለሁ። የጎደለኝ ድምፁን የሚያጎሉ ሁለት የመስታወት ቫልቮላዎችና ከወፍጮው በሽቦ ወደ ጎረቤቱ ትምህርት ቤት የምስበውን መብራት ወደ እነሱ ልክ የሚለውጥ ትራንስፎርመር ነው።

ማክሰኞ፣ ጎሕ ሲቀድ፤ ማይጨው

ዝናቡ ሌሊቱን አላባራም። የገብረመድኅን መኪና ገብስ ጭኗል። ለሰው ሁለት ብር ይጠይቃል፤ ልጅ ነች ብሎ የሚቀንሰው የለም። ከፊት ተቀመጥን።

እውነቱን ልጻፍ፤ ከመነሣቴ በፊት ፈርቻለሁ። ሰሞኑን በገበያው የሚወራው የራዲዮ ዕቃ ይዞ የተገኘ ሰው የጠላት ጆሮ ተብሎ ይታሰራል እየተባለ ነው። ማን እንደታሰረ የሚያውቅ የለም፤ ሁሉም ግን ያወራል።

አላጄ ላይ ጉም መንገዱን ዋጠው። በቀኝ ገደል፣ በግራ የሚንጠባጠብ አለት። መኪናው በየጠመዝማዛው ወደ ኋላ ሸርተት ይላል።

«ፍሬኑ ደኅና ነው?» አልኩት።

«ኣይትፍራህ ኣያ! ፍሬኑ ኣሮጌ ነው፣ ሾፌሩ ግን ኣዲስ ነው።»

አስካለ ከንፈሩን አይታ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። በገደል አፋፍ መቀለድ ፈጣሪን መፈታተን ነው አልኩት። «ዋእ! ዝም ካልኩማ እንቅልፍ ይወስደኛል» አለኝ። ከዚያ በኋላ እንዲቀልድ ተውኩት።

ማክሰኞ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፤ ቁሓ

ኬላው ላይ ጠባቂዎች ጭነት እያስወረዱ ይፈትሻሉ። ከፊታችን አንድ ሰው ሽቦ የሞላ ሣጥን ይዞ ተገኘና ወደ ዳር አቆሙት። ምን እንደሆነ ሳናይ እኛን አሳለፉን። ወደ ኋላ እያየሁ መቀሌ ገባን። ለሁለት ሌሊት አንድ ብር ከፍለን በአንድ የጠጅ ቤት ጓሮ አደርን።

ረቡዕ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፤ መቀሌ

ከቤተ መንግሥቱ ግንብ በታች ያለው ገበያ የጨው ነው። እንደ ጡብ የተጠረበ አሞሌ ተቆልሏል፤ ከጎኑ ግመሎች ተንበርክከዋል። የሰይድ ሱቅ ከጨው ነጋዴዎቹ በስተጀርባ ናት፤ ብሎን፣ መሪ፣ የተቀደደ ጎማ፣ የጥይት ሣጥን። ቫልቮላዎቹን በሣጥኑ ውስጥ በገለባ አስተኝቷቸዋል።

«እነዚህ በሦስት ሦስት ብር» አለ ሰይድ። «እነዚህ ደግሞ በሰባት።»

ርካሾቹን ለማንሣት እጄ ቸኮለ። ግን በርካሾቹ መስታወት ውስጥ ያለው የሽቦ ክር በአራት ቮልት የሚግል ነው፤ ለእሱ የሚሆን ትራንስፎርመር ሰይድ ዘንድ የለም። ያሉት ሁሉ ስድስት ቮልት የሚሰጡ ናቸው። በስድስት ቢገናኙ በአንድ ቀን ይቃጠላሉ። ርካሽ ገዝቶ ሁለት ጊዜ ከመክፈል አንድ ጊዜ በልኩ መክፈል ይሻላል፤ ይህን ለልጆቼም እነግራቸዋለሁ። ባለ ሰባቱን አንድ በአንድ ወደ ብርሃን አነሣሁ። ጫፉ ውስጥ እንደ ብር የሚያብረቀርቅ ቅብ ያለው ደኅና ነው። ቅቡ እንደ ወተት ከነጣ አየር ገብቶበታል፤ ሞቷል። ከአምስቱ ሁለቱን መረጥኩ።

ትራንስፎርመሮቹን ደግሞ አሸተትኳቸው።

«ወላሂ፣ ትራንስፎርመር እንደ ቅቤ ይሸተታል እንዴ?» አለ ሰይድ።

«ያረረ ከሆነ ቅቤውንም ብረቱንም አፍንጫ ያውቀዋል።»

ትልቁ ያረረ ነው። ትንሹ ንጹሕ ነበር፤ ዐሥራ ሁለት ብር አለኝ።

ሰይድ መሞከሪያ ጣውላ አለው፤ ከጎረቤቱ ጋራዥ በሽቦ መብራት ስቦ ያገኘናቸውን ገጣጠመ። ከቤት ይዤ የመጣሁትን ማዳመጫ ለአስካለ አደረግሁላት። ክሩ ቀስ ብሎ ቀላ። መናገሪያውን ይዤ ወደ ጓሮ ወጣሁና እንደ ልማዴ «አስካለ!» ብዬ ጮህኩ።

«አባ፣ አትጩህ!» አለች ከውስጥ። «ለምንድን ነው የምትጮኸው?»

ዓመቱን ሙሉ ስጮህባት ኖሬያለሁ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ጸሎተ ሃይማኖት አልኩላት፤ እሷም ከውስጥ እየተከተለችኝ አለችው። ሰይድ ፊቱን ወደ መደርደሪያው አዞረ፤ ከዚያ «ትራንስፎርመሩን በዐሥር ውሰደው፤ ለሷ ነው» አለኝ። ደረሰኝም ጻፈልኝ።

ሐሙስ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፤ ከመቀሌ ወደ ቁሓ

ገብረመድኅን ለመልሱ ጨው ጭኗል። ዕቃውን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ።

«ይህንን በግላጭ ይዘህ ኬላ? እኔንም ታስይዘኛለህ። ሦስት ብር ጨምር፣ በጨው መካከል እቀብረዋለሁ።»

ደረሰኝ በኪሴ አለ። ነገር ግን ዳር የቆመው ሰው ፊቴ ላይ ድቅን አለብኝ። ከፈልኩ። ትራንስፎርመሩ በማቅ ተጠቅልሎ በአሞሌው መካከል ገባ። ቫልቮላዎቹን አስካለ በነጠላዋ ጠቅልላ ታቀፈች።

ቁሓ ላይ ጠባቂው ነጠላውን ገለጠ። እግሬ ተንቀጠቀጠ፤ ደረሰኙን ሰጠሁት። ቃል በቃል አነበበ።

«ሁለት ቫልቮላ አለ። ትራንስፎርመር የሚለውስ የታል?»

በጨው ሥር ነው ብል ለምን ደበቅህ ይለኛል። «መልሼዋለሁ፤ አልገዛሁትም» አልኩ።

«ታዲያ ምን ያንቀጠቅጥሃል? እኛ የምንይዘው ደረሰኝ የሌለውን ነው። የማክሰኞው ሰውዬም ደረሰኙን አስመጥቶ ሄደ። እለፍ!»

ለልጆቼ ውሸትን በአርጩሜ የከለከልኩ ሰው ነኝ። አሁን እውነቱን ብናገር ምንም በማይደርስብኝ ቦታ ዋሸሁ፤ ከዋሸሁ በኋላ ደግሞ ሌላ ኬላ ይገጥመናል ብዬ ለማውጣት ፈራሁ።

ሐሙስ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፤ አላጄ

ዝናቡ እንደ ድንጋይ ይወርዳል። ጨውን የሸፈነው ሸራ በመካከሉ ተቀደደ።

«አቁም፤ ላውጣው» አልኩት።

«እዚህ? ጨው እያወረድኩ? ኣያ፣ መኪናው ከቆመ ይንሸራተትና ሁላችንም ገደል ነን!»

ልክ ነበር። አስካለ ነጠላዋን ጠበቅ አድርጋ ያዘች። ከጭነቱ የጨው ውኃ በጣውላው ስንጥቅ ወደ ኋላ መስኮቱ ይፈስ ነበር።

ቅዳሜ፣ ከሰዓት በኋላ፤ ማይጨው፣ ወፍጮ ቤት

ማቁን ሐሙስ ማታ ስፈታ ውኃ ተንጠባጠበ። ጣቴን ቀመስኩት፤ ጨው ነው። በንጹሕ ውኃ አጥቤ በሞተሩ ትኩስ ቧንቧ አጠገብ አደረቅሁት። ቢያንስ ሳምንት መቆየት ነበረበት፤ በሽቦው መካከል ያለው ወረቀት ጨው ከጠጣ ቶሎ አይደርቅም። ትምህርት የሚከፈተው ግን ሰኞ ነው። ስለዚህ ዛሬ ገጣጠምኩትና ሞተሩን አስነሣሁ።

ክሩ ቀላ። አስካለ ማዳመጫውን አድርጋ ከንፈሬን ትጠብቃለች። ትራንስፎርመሩ እንደ ንብ ጮኸ፣ ከዚያ ያ የማውቀው የማረር ሽታ መጣ፤ ጢስ ሆነ፤ የቫልቮላዎቹም ብርሃን ጠፋ።

ማዳመጫውን ቀስ ብላ አወለቀች።

«አባ፣ ኬላው ላይ አልገዛሁትም አልክ። ከንፈርህን አይቼሃለሁ።»

«ዋሽቻለሁ» አልኳት።

«ለምን?»

«ፈርቼ።»

ማዳመጫውን በነጠላዋ ጠቅልላ አኖረችው። ለሌላ ትራንስፎርመር የሚሆን ብር እስከ መኸር አይኖረኝም።

ከኪሴ የወጣው ሠላሳ ስድስት ብር ነው። ሰይድ ለሷ ብሎ የተወው ሁለት ብር፣ ከገብረመድኅን በዝናብ የሟሟው ጨው አራት ብር፤ ድምሩ አርባ ሁለት ብር። ከአስካለ ደግሞ አንድ የትምህርት ዓመት።